የፍሪጁ ጓጉንቸር፦ በሰሜን ቨርጂኒያ የአካባቢ የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የተገኘ አለ?

የሌሊት ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እዚህ የምንሰባሰብ ብዙዎቻችን ወይ በግሩፕ ሆም (የአእምሮ ጤና ወይም የዕድገት ችግር ያለባቸው ሰዎች ድጋፍ እያገኙ በጋራ በሚኖሩበት ቤት) የምንሠራ፣ ወይ ልጃችን ወይም ወንድማችን እዚያ የሚኖር ሰዎች ነን። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ለማናችሁም እንግዳ አይሆንም።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። አሁን ያለሁበት ቤት አራት ጎልማሶች ይኖሩበታል፤ እኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። ከአራቱ አንዱ ፕራደር ዊሊ የሚባለው ሕመም አለበት። ሰውነቱ ጥጋብን አያውቅም፤ የሚጠብቀው ከሌለ ራሱን እስኪጎዳ ድረስ ይበላል። በዚህ ምክንያት ፍሪጁ ላይ ጓጉንቸር ተደረገ፣ ቁልፉም የተረኛው ሠራተኛ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ከቀሩት ሦስቱ አንዱ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን አብዛኛውን ያሳለፈው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ፌርፋክስ በነበረው ትልቁ የመንግሥት ማቆያ ውስጥ ሲሆን፣ ማቆያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲዘጋ ወደ እኛ ቤት መጣ። ምግብ ሲቀርብለት ሳህኑን በክንዱ ከልሎ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ይህ ሰው ማታ አምስት ሰዓት ሲሆን ከክፍሉ ይወጣና ፍሪጁ ፊት ይቆማል። አይነካውም፣ አይናገርም። ጓጉንቸሩን ያያል፤ ከዚያ ዞር ብሎ አንገቴን ያያል። እኔም ተነሥቼ እከፍትለታለሁ፣ እርጎውን ይወስዳል። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግን። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግ ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉዳዩ የአካባቢው የሰብአዊ መብት ኮሚቴ (እንዲህ ባሉ ቤቶች የነዋሪው መብት ሲገደብ የሚመረምረው) ፊት ቀረበ፤ የሌሊቱን ሁኔታ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ ኃላፊያችን ይዛኝ ሄደች። እንደ ፍርድ ቤት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ የሚከፈላቸው ነገር የለም፣ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ኃላፊያችን የሐኪሙን ማስረጃ አቀረበች፣ ሁሉም አነበቡት። ከዚያ በዳር የተቀመጠችው ሴትዮ፣ እርሷ ራሷ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ስታገኝ የቆየች መሆኗን በግልጽ የተናገረችው፣ እጇን አነሣችና «ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ጠየቀች።

መልስ አልነበረንም። እኔ ያ አዛውንት አንገቴን የሚያይበት ዐይኑ ታየኝና ወደ መሬት አቀረቀርሁ።

ከዚያ ወዲያ ጓጉንቸሩ የአንዱ ሰው የድጋፍ ዕቅድ አካል ሆኖ ተጻፈ፤ ለሦስቱ የየራሳቸው ቁልፍ ተቀረጸላቸው፤ ከሦስት ወር በኋላም ገደቡ ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ ማስረጃ ይዘን እንድንመለስ ተነገረን። ይኸው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፦ በዚህ አካባቢ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ውሎ የሚያድረው ሠራተኛ ስንቱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ እናውቃለን። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድም የእኛ ሰው አልነበረም፤ ለሕዝብ በተዘጋጁት ወንበሮችም ላይ አላየሁም። ሄዳችሁ የምታውቁ አላችሁ?

ወለላ (ስፕሪንግፊልድ)

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ኮሚቴ መኖሩን ዛሬ ካንቺ ሰማሁ። ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ 19 ዓመቱ ነው፤ ግሩፕ ሆም ከገባ ስምንት ወሩ። በስልክ አንድ ነገር ስጠይቅ «ልጅዎ ለአካለ መጠን ደርሷል፣ እርስዎ መወሰን አይችሉም» ይሉኛል። ፊርማ ሲፈልጉ ግን የሚጠሩት እኔን ነው። ከተሰጠኝ ወረቀት ግማሹን ሳላነብ ፈርሜአለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይወዳል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከበሮው ሲመታ እጁን እያጨበጨበ ነው ያደገው። ከገባ ወዲህ የወሰዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ «ሠራተኛ የለንም» ይላሉ። ብከስስ ልጄን ያስወጡብኝ ይሆን? ይህን ቦታ ለማግኘት የጠበቅነውን እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

መዝገቡ (ዉድብሪጅ)

እሜቴ ወለላ፣ በሚገባ እመልስልዎት ዘንድ ትንሽ ልዘርዝር። እኔ ለዘጠኝ ዓመት የድጋፍ አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ።

በቨርጂኒያ ከግዛቱ ፈቃድ ወይም ገንዘብ አግኝቶ የአእምሮ ጤና፣ የዕድገት ውስንነት ወይም የሱስ ሕክምና አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ የሰብአዊ መብት ደንብ ይገዛዋል። ደንቡን የሚያስከብረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት የመብት ተሟጋች የሚባሉ ሠራተኞች አሉት፤ ከእነርሱ ጎን ደግሞ በየአካባቢው ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። አንድ ኮሚቴ ቢያንስ አምስት አባላት ይኖሩታል፤ ቢያንስ ሁለቱ አገልግሎቱን የሚያገኙ ወይም በቅርብ ዓመታት ያገኙ ሰዎች መሆን አለባቸው። የሌሊት ፈረቃ ያየቻት ሴት እንዲሁ በበጎ ፈቃድ የተጨመረች አይደለችም፤ ወንበሯ በደንቡ ላይ የተጻፈ ነው። አባላቱን የሚሾመው ዘጠኝ አባላት ያሉት የግዛቱ ኮሚቴ ነው፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም ሦስት ዓመት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ። ማንኛውም ቅሬታ በቃልም ቢሆን ይቀርባል፤ እንግሊዝኛ ማቀላጠፍ አይጠበቅብዎትም፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የድርጅቱ ኃላፊ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔውን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ካልተስማሙ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአካባቢው ኮሚቴ ይግባኝ ይላሉ፤ ኮሚቴው በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰማል። ቅሬታ ያቀረበን ሰው መበቀል በደንቡ የተከለከለ ነው። ስጋትዎ ይገባኛል፤ ብዙ እናቶች እንደ እርስዎ ሲጨነቁ አይቻለሁ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመብት ተሟጋቹ ጉዳዩን እንዲያውቀው ካደረጉ ድርጅቱ ልጅዎን በዝምታ ለማስወጣት አይደፍርም።

ስለ ፊርማው፦ ልጅዎ 18 ዓመት ሲሞላው ሕጉ ራሱን ችሎ ይወስናል ብሎ ይነሣል። መወሰን የማይችለው ነገር እንዳለ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ለዚያ ነገር ሕጋዊ ወኪል ይሰየምለታል፤ ወላጅ ከሚቀድሙት ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት መሆን ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳያስቸኩልዎት። «ወይ ሞግዚት ይሁኑ ወይ ዝም ይበሉ» ማለት ልክ አይደለም። ዘመድ ከሌለ ኮሚቴው ወዳጅ የሆነ ሰው በወኪልነት እንዲሰየም ይመረምራል። የድርጅቱ ሠራተኛ ግን ዘመድ ወይም ሞግዚት ካልሆነ በስተቀር ወኪል ሊሆን አይችልም።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ እምነቱን መከተል መብቱ ነው። የድጋፍ ዕቅዱ ላይ «እሑድ፣ ቅዳሴ» ተብሎ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ካልተጻፈ አልተባለም።

ደጀኔ (ፌርፋክስ)

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን ይህ ሁሉ ደንብ ሲጻፍ ሠራተኛው የት አለ? እኔ ባለፈው ክረምት በሥራ ላይ ሳለሁ ተመትቼ ጥርሴ ተነቃንቋል። የመታኝን ልጅ አልወቅሰውም፤ ራሱን ታሞ ነው፣ መናገር አይችልም። ነገር ግን ቅጽ ስሞላ አደርሁና በማግሥቱ ተመልሼ ገባሁ፤ «እንዴት ነህ?» ያለኝ የለም። ሁለት ሥራ ይዤ በቀን አራት ሰዓት ነው የምተኛ። አንድ ሰው ለአራት ሰው ብቻውን ተመድቦ ሲውል የትኛውን ነው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው? የትኛውንስ ቤት ውስጥ ትቶ?

ፍሪጁን ስንቆልፍ ክፋት ኖሮን አይደለም። እጃችን ስለማይበቃ ነው።

የሌሊት ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ ደጀኔ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርህ። የጥርሱን ነገር በቀላሉ አላየውም፤ እኔም በግራ እጄ ላይ የንክሻ ጠባሳ አለኝ።

ያልኸው እውነት ስለሆነ ነው ወደዚያ ክፍል ግቡ የምለው። ኮሚቴው ያየው ወረቀት የተጻፈው በኃላፊዎች ነው። «በቂ ሠራተኛ አለ» ይላል ወረቀቱ። ሌሊት አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ስለተጠየቅሁ። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀምጦ «ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለ። የሠራተኛ ማነስ ለመብት ገደብ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ያን ዕለት ከአፋቸው ሰማሁ። ገደብ የሚጣለው በአንድ ሰው ላይ በተረጋገጠ ፍላጎት ብቻ ነው፣ እጅ ስላጠረን አይደለም። እንዲህ ሲባል ኃላፊያችን ደነገጠች፤ አንተ ግን ሸክምህን ያየልህ ሰው እንደተገኘ ቁጠረው።

የሊንችበርግ ጎረቤት

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ ከእናንተ ርቄ በመካከለኛው ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ለዚህ ኮሚቴ ክብደት የምሰጥበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከከተማችን ወንዙን ተሻግሮ ማዲሰን ሃይትስ የሚባል ቦታ አለ። በ1910 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሚጥል በሽታ ለሚሰቃዩና በዘመኑ «ደካማ አእምሮ» ለተባሉ ሰዎች ማቆያ የተከፈተው እዚያ ነው። ከሥራ ስመለስ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ቨርጂኒያ በ1924 «የማይበቁ» ያለቻቸውን ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዳይወልዱ የሚያመክን ሕግ አወጣች። ሕጉን ለመፈተን የተመረጠችው ኬሪ ባክ የምትባል ወጣት ነበረች። በማደጎ በተቀመጠችበት ቤት ተደፍራ ስታረግዝ፣ «አእምሮዋ ደካማ ነው» ተብላ ወደዚያ ማቆያ ተላከች። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1927 ስምንት ለአንድ ተፈረደባት፤ በዚያው ዓመት አመከኗት። የወለደቻት ልጅም «ደካማ» ተብላ ነበር፤ ያቺ ሕፃን ትምህርት ቤት ገብታ በጥሩ ውጤት ስሟ ከተመሰገኑት መካከል ተጻፈ፣ ስምንት ዓመት ሲሆናት በሕመም ሞተች። በግዛቱ 8,000 ገደማ ሰዎች እንዲህ ሆነዋል። ሕጉ የተሻረው በ1974 ነው። ገዥው ማርክ ዋርነር በ2002 ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2015 በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ካሣ ተፈቀደ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ያን ሁሉ ያደረጉት የሕክምና ባለሙያዎች፣ ሕግ ዐዋቂዎች፣ የማቆያው አስተዳዳሪዎች ናቸው። ስብሰባ ነበራቸው፣ ቃለ ጉባኤ ነበራቸው፣ ቦርዱ አይቶ አጽድቆታል። በጠረጴዛው ዙሪያ ያልነበረው በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ይህንኑ ማቆያ መርምሮ ከግዛቱ ጋር በ2012 ከተስማማ በኋላ ሰዎቹ ወደየመንደሩ ቤት በብዛት ይወጡ ጀመር። የእኛ ማቆያ በ2020 ተዘጋ። የሌሊት ፈረቃ፣ ሳህኑን በክንዱ የሚከልለው አዛውንትሽ የዚህ ታሪክ ሰው ነው።

ትርሲት (አርሊንግተን)

የመጨረሻውን አንብቤ ሥራ ቦታ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ።

እስኪ እኔም ደፍሬ ላንሣው። ቤታችን ውስጥ 52 ዓመት የሆነው ሰው አለ። ፊቱ ሕፃን ይመስላል፣ ገራም ነው፤ ሁላችንም «ማሙሽ» ነው የምንለው። በፍቅር ነው፤ ፈገግ ይላል። የመብት ተሟጋቿ ለጉብኝት መጥታ «ማሙሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትርጉሙን ስነግራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንዲህ እንድትጠሩት እርሱን ጠይቃችሁታል?»

ማንም በወደደው ስሙ የመጠራት መብት እንዳለው ደንቡ ላይ ተጽፏል። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው አገር ቤት «አንተ» ለማለት እንኳ እናፍራለን፤ «እርስዎ» ወይም «ጋሼ» ነው የምንለው። እዚህ ስንመጣ ያንን አክብሮት ምን ነጠቀን?

ሌላም አለ። ቡና ሲፈላ ሦስት ሆነን በአማርኛ እናወራለን። እነርሱ መካከላችን ተቀምጠው አንድ ጊዜ የእኔን አፍ፣ አንድ ጊዜ የእርሷን አፍ ያያሉ። ስንስቅ አብረው ይስቃሉ። ያቺ ሳቃቸው ከጉብኝቱ ወዲህ ታስጨንቀኛለች፤ በእነርሱ እየሳቅን እንዳልሆነ በምን ያውቃሉ?

ደጀኔ (ፌርፋክስ)

ትርሲት፣ በዚህ አልስማማም። ቋንቋዬ የእኔም መብት ነው። አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቼ ከአገሬ ልጅ ጋር ሁለት ቃል ብለዋወጥ በደል ሊባል ነው? እኛ ቤት ያለው ልጅ «ና» ስለው ይመጣል፣ «ቡና» ይላል፣ «እሺ» ይላል። ከእኛ ተምሮ ነው። ይህ ደስታ ነው እንጂ መገለል አይደለም።

ትርሲት (አርሊንግተን)

ደጀኔ፣ አንተ ልጁን ቋንቋህ ውስጥ አስገብተኸዋል። እኔ የምለው በራሱ ቤት ሳሎን በደጅ እንዳለ ሰው ሆኖ ስለተቀመጠው ነው። በእረፍት ሰዓትህ፣ በስልክህ፣ ከባልደረባህ ጋር በወጥ ቤት ማውራትህን ማንም አይነካብህም። ግን ስለ እርሱ መድኃኒት፣ ስለ እርሱ ሽንት፣ ስለ እናቱ አለመምጣት በራሱ ላይ በማያውቀው ቋንቋ ስናወራ፣ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ያ ልክ አይደለም።

ደጀኔ (ፌርፋክስ)

ስለ ሽንቱ ያልሽው እውነት ነው። እሱን እተዋለሁ።

የኮልፌዋ እናት (አዲስ አበባ)

ከሩቅ እያነበብኋችሁ ነው። ሴት ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ንግግር የላትም። እዚህ ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ባትከፍት ኖሮ፣ የልጄን ሕመም ስም እንኳ ሳላውቅ እቀር ነበር። ቦታው ግን ለሁሉ አይደርስም፤ ለእኛም አልደረሰም። ሥራ ስሄድ በር ዘግቼባት ነው የምወጣው። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን ድጋፍ እንዲያደርግ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። በሬን መጥቶ የሚያንኳኳ ኮሚቴ ግን የለኝም። ያለኝ እድር ነው። ባለፈው ወር የእድራችን ዳኛ ልጄን በሕዝብ ፊት ስሟን ጠርተው «የቤቱ አባል ናት፣ በመዝገብ ትጻፍ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረቤቶቼ ተራ ገብተው ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው አብረዋት ይቀመጣሉ። የእናንተ ሴትዮ የጠየቀችውን ጥያቄ ለእድሩ ስብሰባ እወስደዋለሁ፤ ሌላም ቤት የተዘጋበት ልጅ እንዳለ አውቃለሁና።

የሌሊት ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ)

የኮልፌዋ እናት፣ አይዞሽ። እኔም ደመወዝ እየተከፈለኝ በር የቆለፍሁ ሰው ነኝና እጅሽ አይንቀጥቀጥብኝ። የሁለቱን ጎረቤቶችሽን እግር ሳሚልኝ።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለ አባልነት ጠይቃችሁኛል። ማመልከቻው ለግዛቱ የሰብአዊ መብት ቢሮ ነው የሚቀርበው። የምትሠሩበትን ድርጅት በሚቆጣጠር ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ አትችሉም፤ ሌላ ኮሚቴ ግን ትችላላችሁ። የቤተሰብ አባል ከሆናችሁ ደግሞ በጣም ይፈልጓችኋል፤ ከአባላቱ ቢያንስ ሲሶው አገልግሎቱን የሚያገኙ ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው እንዲሆኑ ደንቡ ያዝዛል። እሜቴ ወለላ፣ ይህን ለእርስዎ ነው የምጽፈው።

ትርሲት፣ ያንቺን ጽሑፍ አንብቤ ትናንት ማታ አዛውንቱን ጠየቅሁት። ማታ አምስት ሰዓት እንደ ልማዱ መጣ፤ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ራሱ ከፈተ፣ እርጎውን ያዘ። በምን ስም ልጥራህ አልሁት። ሁላችን በአጭሩ ስንጠራው የኖርነውን ስም ደገምሁለት። ራሱን ነቀነቀ፣ አይደለም። ማኅደሩ ላይ ያለውን ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠራሁለት። ማንኪያውን አስቀመጠና አጠራሬን አረመኝ። ደገምሁት፣ እንደገና አረመኝ። በሦስተኛው ተቀበለኝ።

ወለላ (ስፕሪንግፊልድ)

ለመብት ተሟጋቹ ዛሬ ደወልሁ። አስተርጓሚ አገናኙኝ፣ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኋቸው። የልጄ የድጋፍ ዕቅድ ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ እሑድንና ቅዳሴውን አስጽፋለሁ።

ስለ ኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ልጄን ይዤው ብገባ ይከለክሉኛል? ድምፅ ያሰማል፣ ተነሥቶም ይመላለሳል።

መዝገቡ (ዉድብሪጅ)

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። የአንድን ሰው የግል ጉዳይ ሲያዩ ብቻ በሩን ይዘጋሉ፤ ያኔ ኮሪደር ላይ አብሬያችሁ እቆማለሁ። ይዘውት ይምጡ። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለኝ፤ ደጀኔ፣ ፈረቃህን ማስለወጥ ከቻልህ ሦስተኛውን ከፊት እናስተካክላለን።

ደጀኔ (ፌርፋክስ)

የቅዳሜውን ፈረቃ ሰጥቼ ተለዋውጫለሁ። ከየት ነው የምትነሡት?